አባቱ ያው ነው

"እጅሽን አዝናኚው እንጂ! እንዲህ ጨብጠሽውማ ምን ይለካልኛል?" አለች እታገኝ፣ የግፊት መለኪያውን ለሁለተኛ ጊዜ አይናዲስ ክንድ ላይ እየጠቀለለች።

አይናዲስ ጣቶቿን ዘረጋች። ማሽኑ ነፍቶ ነፍቶ ክንዷን ጨመቃት፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተነፈሰና ቁጥሩን አወጣ። መቶ አርባ ስድስት በዘጠና ሁለት። እታገኝ ከንፈሯን መጠጠች። ለአይናዲስ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ኦክላንድ አጠገብ ኤል ሴሪቶ የሚኖሩ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ስትንከባከብ አራት ዓመቷ ነው፤ በየጠዋቱ ግፊታቸውን ለክታ የምትጽፈው እሷ ናት። ይህን ቁጥር በሴትዮዋ ላይ ብታየው ወዲያው ለልጃቸው ትደውል ነበር።

"ቅድም ስንት ነበር?"

"ያው ነው፣ በሁለት ቢበልጥ ነው። ፓርኪንግ ስትፈልጊ ተናደሽ ይሆናላ! አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ሆድሽ ውስጥ ነው የምትይዢው።"

እታገኝ የክሊኒኩ ሜዲካል አሲስታንት፣ የሐኪም ረዳት ናት። ከአይናዲስ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ የጸሎት ቡድኑንም የምትመራው እሷው ናት። እንግዲህ ኦክላንድ ውስጥ ሐበሻ የማይሠራበት ክሊኒክ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የአይናዲስ ኢንሹራንስ ደግሞ ከዚህኛው ሌላ በቅርብ የሚቀበለው የለም። በመጀመሪያው ቀጠሮ በሩን ከፍታ የገባችው እታገኝ መሆኗን ስታይ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ነበር። እታገኝ ግን "ውይ አይናዬ! አርግዘሽ ነው? ጸሎታችን ተሰማ በይኛ!" ብላ እቅፍ አደረገቻትና ቁጭ ብላ ፎርሙን መሙላት ጀመረች። የሕፃኑ አባት የሚለው ጋ ስትደርስ ጥያቄውን እንኳ አላነበበችላትም። አስራት ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። አይናዲስ የእታገኝ ጣቶች ሲተይቡ እያየች አላረመቻትም።

ዶክተሯ በሩን አንኳኩታ ገባች። ጥሩ ሴት ናት፤ ግን ለአንድ ሰው ያላት ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ እሱም ከወዲሁ ተጋምሷል።

"ሠላሳ ሦስት ሳምንት፣ ሁለተኛ ልጅ፣" አለች ስክሪኑን እያነበበች። "በመጀመሪያዋ ላይ ግፊት አልነበረሽም። የዚህኛውም አባት ያው ነው፣ አይደል?"

አይናዲስ አፏን ከፈተች። ከዶክተሯ ጀርባ እታገኝ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ በፈገግታ በርቷል።

"የስ፣ የስ፣ ሰይም ሃዝባንድ!" አለች እታገኝ ቀድማ። "ዶክተር፣ ዚስ ኢዝ ኤ ሚራክል ቤቢ!"

"እንግዲያው ጥሩ ነው፣" አለች ዶክተሯ ሳቅ ብላ። "ከዚያው ሰው ሁለተኛ ሲረገዝ ሰውነት ብዙውን ጊዜ የለመደው ነገር ነው። ራስ ምታት አለሽ?"

"ትንሽ፣" አለች አይናዲስ። ትንሽ አልነበረም። ከእሑድ ጀምሮ ግንባሯን ቀስፎ የያዛት ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ወደ መቶ ሠላሳ ስምንት ወረደ። ደም ተወሰደላት፣ ውጤቱ ነገ ይደርሳል ተባለች። ቤቷ ሆና እንድትለካ፣ ከመቶ ስልሳ ካለፈ ወይም ዓይኗ ላይ ብልጭታ ካየች እንድትደውል፣ ካልሆነም ሐሙስ እንድትመለስ ተነገራት። እታገኝ እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘቻትና ሆዷን በእጇ መዳፍ ነካ አድርጋ ባረከችላት። አይናዲስ የሊፍቱ በር እስኪዘጋ ፈገግ ብላ ጠበቀች፤ ሲዘጋ እንባዋ መጣ።

አባቱ ያው አይደለም። አይናዲስ አባቱን አታውቀውም፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢያልፋትም ዞር ብላ አታየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ልጃቸው ቤቴል ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ ባሏ አስራት የዘር ፍሬ ካንሰር ያዘው። ኬሞውም ጨረሩም ተሰጠው፣ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሕክምናው በፊት ዘር ማስቀመጥ እንደሚቻል የነገራቸው ሰው ነበር ይሆናል፤ በዚያ ድንጋጤ ማን ሰምቶ! በኋላ ልጅ ፈልገው ሲመረመር አንድም ዘር አልቀረም ተባለ። አልቅሰው፣ ጸልየው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከራርመው፣ በመጨረሻ ማንም የማያውቃቸው ቦታ ብለው ሳን ሆዜ ወዳለ የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ የቀረላቸው መንገድ ዶነር ነው ተባሉ፤ ዘሩን የሰጠ የማያውቁት ሰው። ዶክተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈረሙ። ለጋሾቹ በቁጥር ተዘርዝረው እቤት ላፕቶፓቸው ላይ መጡ። አስራት ሦስት ገጽ ያህል አየና ወደ እሷ ገፋው።

"አንቺ ምረጪ፣" አላት።

እሱ ሳሎን ኳስ ሲያይ እሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ መረጠች። ቤተሰቡ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ፣ ኢንጂነሪንግ የሚማር፣ ዋና የሚወድ። ማታ "መርጫለሁ" ስትለው "ቁመቱ ደህና ነው?" ብሎ ጠየቀ፣ "ደህና ነው" አለችው፣ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውዬው በቤታቸው አንድ ቃል ተነስቶ አያውቅም። በሦስተኛው ሙከራ ፀነሰች። ለቤቴል ወንድም ሊመጣልሽ ነው ሲሏት "ዊል ሂ ሉክ ላይክ ሚ?" አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛዋ፤ እኔን ይመስል ይሆን ማለቷ ነው። አስራት ተነስቶ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ። መልሱን ፈልጎ የማግኘቱ ነገር ለአይናዲስ ቀረ።

የሳን ሆዜዋ ነርስ ያኔ በደንብ አስረድታቸው ነበር። ከዶነር የሚረገዝ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንደማንኛውም ልጅ በሰላም ይወለዳል ብላለች። አንድ ነገር ግን አለ፤ የእርግዝና ግፊት በእነዚህ እናቶች ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ ሰውነት የዚያን ሰው ዘር ከዚህ በፊት ስለማያውቀው ይሆናል ይላሉ። "ከባልሽ አንዴ በሰላም ወልደሻል፤ ያ ለዚህኛው ዋስትና አይሆንሽም። በግፊት በኩል የመጀመሪያሽ እንደሆነ ቁጠሪው፣" አለቻት። "ለሚከታተልሽ ሐኪም ይህን መንገር እንዳትረሺ።" አይናዲስ ራሷን ነቀነቀች። እውነትም አልረሳችም።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለአስራት ደወለች። አስራት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳል።

"ሄሎ አይናዬ! በሩ ላይ ሰልፍ ይዣለሁ። ምን አሉሽ?"

"ግፊቴ ከፍ ብሏል።"

"ስንት?"

ነገረችው።

"መድኃኒት አልሰጡሽም?"

"አልሰጡኝም። አባቱ ያው ነው ብለው ስለጻፉ ብዙም አልሰጉም። አስራት፣ ልነግራቸው ነው።"

የመኪናውን ሬዲዮ ሲያጠፋ ተሰማት።

"እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበረች?"

"እታገኝ።"

"እሷ ባለችበት ልትነግሪ?"

"እሷ ሁሌም አለች። ፋይሉን የምትጽፈው እሷ ናት እኮ።"

"እንግዲያው ሳን ሆዜ ሂጂ።"

"እነሱ እርጉዝ አይከታተሉም፣ በስምንት ሳምንቴ ነው ያሰናበቱኝ።"

"ሆስፒታል የለም እንዴ እዚያ? ኢመርጀንሲ ግቢና ለፈለግሽው ሰው ንገሪ። እዚያ ማን ያውቀናል?"

"አንድ ሰዓት መንገድ ነው አስራት።"

"አሁን ትራፊክ የለም፣ አርባ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።" ድምፁ ወረደ። "አይናዬ፣ እባክሽ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ነው የተናገርኩት። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ። እማዬ እንኳ አዲስ አበባ ሆና ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ቤቴልን ከአፍተር ስኩል አወጣትና ማታ እንመጣለን። እ? በይ፣ በሩ ተከፈተ፣ ልዝጋው።"

ዘጋው። ራስ ምታቱ እንዴት ነው ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

አስራት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። በአራተኛ ወሯ፣ አንድ እሑድ፣ ፓስተር ናዖድ ከመድረክ ላይ ሆዷን አየና "ኑ እስቲ ውጡ!" አለ። ጉባኤው አስራት ታሞ ሳለ በየተራ የጾመለት፣ ከየቤቱ ምግብ ያመላለሰ ነው፤ ሕክምናው ልጅ እንዳስቀረበትም ያውቃል። ማይክራፎኑ እጁ ላይ ሲገባ አስራት መጀመሪያ "ተመስገን" ብቻ ነበር ያለው። "ንገረን እንጂ ወንድሜ!" አለ ፓስተሩ። አስራት ንግግሩን ቀጠለ፣ ከቀጠለ በኋላ መመለሻው ጠፋው። "ሐኪሞች ከእንግዲህ አትወልድም አሉኝ፤ ጌታ ግን በሰው እጅ ያልሆነውን አደረገልኝ" ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እታገኝ ከፊት ወንበር ላይ ዘለለች። አስራት አለቀሰ፤ ለቅሶው የውነቱን ነበር፣ አይናዲስ ታውቀዋለች። ፓስተሩ ማይኩን ወደ እሷ ሲያዞረው እሷም "አሜን" አለች። ስለዚህ ውሸቱ የሁለቱም ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ከመድረኩ ሲወርድ ሰው እየሳመ አቀፈው፤ እሷ ውሸቱን ሆዷ ውስጥ ይዛ ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሁሉ ወዳጅ ሲከባት ብቸኝነቱ የሚብስባት በዚህ ነው።

መኪናዋን አስነስታ ስምንት ሰማንያ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛ ወደ ደቡብ ነዳች። ምን ታድርግ? ባሏ ለምኗታል፤ ሳን ሆዜም ቢሆን ሐኪም ሐኪም ነው። ሳን ሊያንድሮን አለፈች። ፀሐዩ የፊት መስታወቱን ሲመታው ግንባሯ ሊፈነዳ ደረሰ። ከቀኝ ጎድኗ ሥር የሆነ ነገር ወጋት። ልጁ ይሆናል፣ እግሩን እዚያ ጋ መትከል ይወዳል አለች ለራሷ። ልጁ ግን ያን ጊዜ ከታች በግራ በኩል ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ሁለቱም ባንዴ ተሰሟት። በሰው እጅ ያልሆነ ሲሉት የከረሙት ይሄ ልጅ፣ የሚከታተለው ሐኪም ከማን እንደተፀነሰ ሳያውቅ ሰባት ወር ተኩል ሞላው።

ሄይዋርድ ስትደርስ ከፊቷ በሚሄደው መኪና መብራት ዙሪያ ትንንሽ ብልጭታዎች ማየት ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሉ። አሁን ራሴን ብስት ከኋላ ያለው መኪና ይጨፈልቀናል አለች። በመጀመሪያው መውጫ ወጣችና አንድ ጎማ ቤት ፊት ለፊት አቆመች። የሥራ ቦርሳዋ ውስጥ የራሷ መለኪያ አለ፤ አውጥታ ክንዷ ላይ አሰረችው። መቶ ሃምሳ አራት በዘጠና ስምንት።

ወደ ድንገተኛው ቁጥር፣ ወደ ዘጠኝ አንድ አንድ ልትደውል ጣቷን ዘረጋችና ተወችው። ከመቶ ስልሳ ካለፈ ነው የተባለችው፣ አላለፈም። ብልጭታውም ምናልባት ፀሐዩ ነው። እንዲህ እያለች ራሷን ስታታልል ከቆየች በኋላ ለኦክላንዱ ክሊኒክ ደወለች። መቅጃው ይህን ተጫኚ፣ ያንን ተጫኚ ሲላት ቆየና ሰው አነሳ። ማን ይሆናል? እሷው ናት።

"አይናዬ! ምነው፣ ደህና አይደለሽም?"

"እህት እታገኝ፣ ለክቼ ነበር። መቶ ሃምሳ አራት በዘጠና ስምንት።"

"የት ነሽ?"

"ሄይዋርድ።"

"ሄይዋርድ ምን ልትሠሪ? እኔ ደግሞ እቤቷ ሄዳ ተኝታለች ብዬ!" የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። "ግን እኮ ከመቶ ስልሳ በታች ነው። ዶክተሯ አሁን ሰው እያዋለደች ነው፣ መልእክት ልተውላት፣ ማታ ኮል ታደርግልሻለች። ሁለተኛሽ ነው፣ በመጀመሪያዋም ምንም አልሆንሽም፣ ምን ያስፈራሻል? እቤትሽ ግቢና በግራ ጎንሽ ጋደም በይ። ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ልጸልይልሽ።"

ሳትጠብቅ ጀመረች። የእታገኝ ጸሎት ሞቅ ያለ ነው፤ ሥራ ቦታ ስለሆነች ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንኳ ሙቀቱ ይሰማል።

"አባት ሆይ፣ ይህን ተአምር የሰጠኸን አንተ ነህ። ሐኪም አይሆንም ሲል አንተ ይሆናል ያልክ ጌታ፣ ለልጅህ ለአስራት የሰጠኸውን ዘር ዛሬም ጠብቅ..."

አይናዲስ ከልጅነቷ ጀምሮ በጸሎት መሀል ተናግራ አታውቅም። እናቷ የጸሎት ቤት ሴት ነበሩ፤ በጸሎት ሰዓት ያስነጠሰ ልጅ እንኳ ይገላመጥ ነበር። "አሜን" የምትልበትን ቦታ መጠበቅ ለምዳለች፤ አሁንም ከንፈሯ "አሜን" ሊል ተዘጋጀ። ብልጭታው ግን ዓይኗን ጨፍናም አልጠፋም። ፀሐዩ አልነበረም ማለት ነው።

"እህት እታገኝ፣ አቁሚ።"

"...በክንፎችህም... እ? ምን አልሽ?"

"ጸሎቱን አቁሚና ጻፊ።" ዓይኗን ገለጠች። "ልጁ የአስራት አይደለም። ከዶነር ነው። ሳን ሆዜ ክሊኒክ ሄደን ነው ያረገዝኩት። አባቱ ሌላ ነው ብለሽ ለዶክተሯ ንገሪያት፤ ለግፊቱ ይህን ማወቅ አለባት ተብዬ ነበር። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጎኔን ይወጋኛል። ራሴንም ከእሑድ ጀምሮ ነው የሚያመኝ፣ ትንሽም አልነበረም።"

አይናዲስ የተቋረጠ መስሏት ስክሪኑን አየች። ሰዓቱ ይቆጥራል።

"ሞተሩን አጥፊ፣" አለች እታገኝ በመጨረሻ። ድምጿ ተለውጧል፤ የጸሎት ቡድኗ እታገኝ ሄዳ ሃያ ዓመት በክሊኒክ የሠራችው እታገኝ መጥታለች። "አጠፋሽ? በሩን ክፈቺው። ከመኪናው እንዳትወርጂ። ፊትሽ ያለው ቤት ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የመንገዱን ስም አንብቢልኝ።"

አይናዲስ አነበበችላት። እታገኝ አጠገቧ ላለ ሰው በእንግሊዝኛ ስትናገር ትሰማታለች፤ አድራሻውን፣ ሳምንቱን፣ የግፊቱን ቁጥር፣ አምቡላንስ የሚለውን፣ ዶክተሯን አሁኑኑ ጥሩልኝ የሚለውን። ከዚያ "ዶነር ኮንሴፕሽን" አለች፣ ከለጋሽ መፀነስ የሚለውን ቃል ሳታሽሞነሙን፣ እንደማንኛውም የሕክምና ቃል። ከሳን ሆዜው ክሊኒክ ውጭ ይህን በሌላ ሰው አፍ ሲነገር አይናዲስ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ነገሩ ያን ያህል አስፈሪ አልነበረም። አንዱ የጎማ ቤት ሠራተኛ እጁን እየጠረገ "ዩ ኦኬይ?" አላት፤ ራሷን ነቀነቀችለትና እያለቀሰች እንደነበር ያኔ ገባት።

"መጡልሽ፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣" አለች እታገኝ ተመልሳ። "ስልኩን እንዳትዘጊ፣ እኔ አለሁ።"

"እሺ።"

በር ሲዘጋ ተሰማ፤ እታገኝ ከሰው ራቅ ብላለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

"አይናዬ... አስራት ያውቃል?"

አይናዲስ ይህ ጥያቄ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር። ወዲያውም መውጫው ታያት። አያውቅም ብትል ለአስራት ሁሉም ነገር ይተርፍለታል። መድረክ ላይ ያመነበትን የተናገረ ሰው ይሆናል፤ ያዝኑለታል፣ ያቅፉታል፣ እናቱም ልጄ ተታለለ ብለው ያለቅሱለታል። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ይሆናል። እሷ ደግሞ ሲጀመርም ብቻዋን ነው የያዘችው፣ ብቻዋን ነው የመረጠችው፣ ብቻዋን ነው የነዳችው፤ ትንሽ ቢጨመርባት ምን ይለዋል? "አያውቅም" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከሩቅ የሳይረን ድምፅ መሰማት ጀመረ።

"ያውቃል፣" አለች። "ፎርሙን አብረን ነው የፈረምነው። እንደዚያው ጻፊው።"